ውሻ ውኃ ሲጠጣ ቢያስለው

እንደ ሐራ ባለ ቆላ የተጠማ ውሻ በጥድፊያ ሲጠጣ ትን ብሎት ቢያስል አያስደነግጥም፤ ወዲያው ይተወዋል። ነገር ግን መዋጥ አቅቶት ልጋጉ ከተዝረበረበና ድምፁ ከተለወጠ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው የጉሮሮን ጡንቻ ያሽመደምዳልና። አጥንት ተሰንቅሮበታል ብሎ እጅን ወደ አፉ መክተት እጅግ አደገኛ ነው፤ ምራቁ በጭረት እንኳ ይገባል።

አጥብቀን የምንናገረው ግን ስለ ተነከሰው ሰው ነው። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ካህናት አባቶቻችን ጠበል ለሚጠይቃቸው ምእመን ክትባቱን ሳያዘገይ እንዲጠመቅ ቢነግሩት፣ ከእኛ ቃል ይልቅ የእነርሱ ይሰማል። ሰውን ከውሻው ማራቅና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ነው።