በየወሩ ያነበብነውን በደብተር ስለ መጻፍ

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ባለፈው ወር ያነበባችሁትን መጽሐፍ ስም ታስታውሳላችሁን? ስሙንስ ታስታውሱ ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጡ ካገኛችሁት ነገር አንዱን እንኳ ለጎረቤታችሁ ልትነግሩት ትችላላችሁን?

ይህን ጥያቄ የማቀርበው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ያነበብኋቸውን መጻሕፍት ስም በተራ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ዝርዝሩም በረዘመ ቍጥር ደስ ይለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ገልጬ ባየሁት ጊዜ ግን ከስሞቹ በቀር ምንም አልነገረኝም፤ አንዳንዱንማ በእውነት አንብቤው እንደ ሆነ ተጠራጠርሁ። የመጻሕፍት ዝርዝር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት ካታሎግ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነበረ፤ ፈላጊውን ወደ መጽሐፉ ይመራዋልና። የእኔ ዝርዝር ግን ማንንም ወደ የትም አልመራም፤ ለትምክሕት ብቻ የተጻፈ ነበረ።

ነገሩን እንደ ገና እንዳስብ ያደረገኝ በኮሎሎ ያየሁት ነው። ኮሎሎ በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የምትገኝ ሰፈር ናት። በጥር 1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ፥ ይልቁንም አገሪቱ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለንግድና ለሥራ ወደ ጁባ ሄደዋል። በዚያ የመንግሥቱ ሥራ በእንግሊዝኛ፥ የገበያው ንግግር በጁባ ዐረብኛ ነው፤ የአማርኛ መጽሐፍ ግን ከአገር የሚመጣ መንገደኛ በሻንጣው ካልያዘው በቀር በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ያነበበውም ሰው ወዶም ሳይወድም ለሚቀጥለው ይሰጠዋል።

በዚያ ያገኘሁት አንድ ወንድም የሆቴል ቤት ሒሳብ ያዥ ነበረ። በየወሩ ያነበበውንም በአንድ አሮጌ የሒሳብ መዝገብ ይጽፍ ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በከተማይቱ ውጊያ በተነሣ ጊዜ ቤቱን ትቶ ሲሸሽ መጻሕፍቱ ሁሉ ቀሩ፤ መዝገቡ ግን ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ስለ ነበረ አብሮት ወጣ። ገልጦ ባሳየኝ ጊዜ ሁለት ነገር አስደነቀኝ። አንደኛው፥ መጻሕፍቱ ጠፍተው ሳለ ከእነርሱ ያገኘው ነገር በዚያ ተጽፎ መኖሩ ነው። ሁለተኛውና ከዚህ የሚበልጠው ግን ባዶዎቹ ገጾች ናቸው። ከላይ የወሩ ስም፥ ከበታቹም «በዚህ ወር አላነበብሁም» የሚል ቃል ብቻ ነበረ። ስለ ምን እንደዚህ ያለውን ወር እንዳልዘለለው ብጠይቀው፥ «ቄስ፥ ሽያጭ የሌለበትን ቀን ከመዝገብ እንዘለዋለንን?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

እያነበቡ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1513 በቪተንበርግ ስለ መዝሙረ ዳዊት ማስተማር በጀመረ ጊዜ፥ አታሚው ዮሐንስ ግሩነንበርግ በመስመሮቹ መካከልና በዳርቻው ሰፊ ባዶ ስፍራ ያለው መዝሙር እንዲያትምለት አደረገ፤ ይኸውም ተማሪዎቹ ማብራሪያውን በዚያ እንዲጽፉበት ነው። እርሱ ራሱ የጻፈበትም መጽሐፍ በጀርመን አገር በቮልፈንቢውተል ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይገኛል። በአገራችንም አባቶች በወንጌሉ ብራና ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስት ስጦታንና ሌላውንም የሚታሰብ ነገር ይጽፉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ጠፍቶ እንዳይረሳ የሚፈለገው ነገር ከመጽሐፍ አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ሥራው ብዙ ወጪ የለበትም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ለ3 ዓመት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ወር ትይዩ የሆኑ ሁለት ገጾች ይሰጡታል። በግራው ገጽ የመጽሐፉ ስም፥ የጸሐፊው ስም፥ የተጀመረበትና የተፈጸመበት ቀን፥ የተዋሳችሁትም እንደ ሆነ የባለቤቱ ስም ይጻፋል (ይህ የመጨረሻው ብዙ ወዳጅነት ያድናል)። በቀኙ ገጽ አስቀድሞ ያገኛችሁትን ነገር በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ ከመጽሐፉ መገልበጥ የሚገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከገጹ ቍጥር ጋር። ከበታቹ «ያልገባኝ» የሚል ርእስ አድርጉና ያላስተዋላችሁትን ጻፉ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው፤ ሰዎች ግን ያፍሩበታል። በማኅበር የምታነቡ ብትሆኑ በወሩ መጨረሻ ስትሰበሰቡ ማን ስንት መጽሐፍ እንደ ጨረሰ አትጠያየቁ፤ እያንዳንዱ «ያልገባኝ» ያለውን ያንብብ። ንባብ የማይችሉ እናቶችና አባቶችም ልጅ ሲያነብላቸው የሰሙትን እያስጻፉ የራሳቸው ደብተር ሊኖራቸው ይችላል።

ስለ ወሩ አንድ ነገር ልጨምር። በጁባ ሥራው ሁሉ በፈረንጅ ወር ነው፤ ያ ወንድም ግን ደብተሩን በአገራችን ወር ይቈጥር ነበር። እኔም ምክንያቱን ወደድሁለት። ወራችን ሁሉ እኩል 30 ቀን ስለ ሆነ 150ውን መዝሙር በቀን አምስት አምስት ያነበበ ሰው ወሩ ሲያልቅ ይፈጽመዋል። በ24ኛው ቀን ግን 176 ቍጥር ያለው ረጅሙ መዝሙር ይደርሳል፤ በዚያ ቀን ብዙዎች ይሰንፋሉ። የሰነፋችሁበትንም ቀን ጻፉት።

ከአሥራ ሁለቱ ወር የተረፈችው ጳጉሜን አምስት ቀን፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን አላት። በእርስዋ አዲስ መጽሐፍ አይጀመርም፤ የዓመቱ ደብተር ከመስከረም ጀምሮ ይነበባል እንጂ። እኔ ባለፈው ጳጉሜን ባነበብሁ ጊዜ «ያልገባኝ» ብዬ ከጻፍኋቸው አራቱ በዓመቱ ውስጥ ሳላስበው ተፈትተውልኝ አገኘሁ፤ ሌሎቹን ከእኔ ለሚበልጡ አንድ ሽማግሌ ጻፍሁላቸው። የሚያዝያና የሰኔ ገጾች ግን ባዶ ነበሩ። በሁለቱም ላይ «በዚህ ወር አላነበብሁም» ብዬ ጻፍሁባቸው።