ጋራ ከመከለል በፊት ስለ ከብቱ መነጋገር

ከሚሴ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያይ ሰው ከላይ የተራቆተ ጋራ፣ ከታች የጨፋን ረግረግና የቦርከናን ወንዝ ያያል። ጋራው ሲራቆት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ጨፋ ላይ ይደፋዋል። ጋራው ሳይታሰብ ሲከለል ደግሞ ከላይ የተባረረው ከብት ጨፋ ላይ ይሰፍራል፤ ጨፋ በበጋ የአፋርና የአርጎባ መንጋም መጠጊያ ስለሆነ ሣሩ ለማንም አይበቃም። ስለዚህ የተራቆተ ጋራን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ለማድረግ ላሰበ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቀበሌ የሚሆነው ይህ መመሪያ በችግኝ አይጀምርም። የሚጀምረው በላምና በፍየል ነው።

ክለላ ለወሎ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ ብዙ ጋራ ተከልሎ፣ ብዙ ዛፍ ተተክሎ ነበር። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግን ሰው መጥረቢያውን ይዞ ወጣ፤ ብዙው ክልል በጥቂት ወራት ውስጥ ተመነጠረ። ደኑን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ የቆጠረው ገበሬ ጥቂት ነበር። ከከሚሴ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከገደሉ ራስ ላይ ያለው የመንዝ ጓሳ ታሪክ ሌላ ነው። እዚያ ሕዝቡ ራሱ ባወጣው የቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ፣ ቀን ቆርጦ በጋራ ያጭድ ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘልቋል። እኔ ከሁለቱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ሣሩን ማን፣ መቼ እንደሚያጭድ አስቀድሞ ያልተነገረበት ክለላ ዕድሜ የለውም።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ጋራውን ማን ይጠቀምበታል?

ጋራውን በተለያየ ሰዓት ዙሩት። ማለዳ ላይ ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶችን፣ ረፋድ ላይ ፍየል የሚያግዱ ልጆችን፣ ከሰዓት ውኃ የሚወርደውን ከብት ታገኛላችሁ። የእያንዳንዱን ቤት ስም፣ የከብቱን ብዛት፣ መሬት ያለውንና የሌለውን መዝግቡ። መሬት የሌለው ወጣት እዚህ ዝርዝር ላይ ከሌለ በኋላ የምታገኙት ሌሊት ላይ፣ ከሰል ሲያከስል ነው። ለውይይት ቀን ስትቀጥሩ ገበያ አትርሱ፤ ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ ይቆማል፣ በገበያ ቀን የተጠራ ስብሰባ ሰው አይሞላም።

ቀጥሎ መኖውን አስሉ። በዚህ አገር ዋናው የበጋ መኖ የማሽላ አገዳ ነው። ታኅሣሥ ላይ ማሳ ውስጥ ተትቶ ፀሐይ ከሚጨርሰው፣ ተሰብስቦና ተከምሮ፣ ሲሰጥም ተከታትፎ ቢሆን ከብቱ የሚጥለው በጣም ይቀንሳል። ያላችሁ አገዳ ስንት ከብት ለስንት ወር እንደሚያቆይ ከገመታችሁ በኋላ ብቻ ምን ያህል ጋራ መዝጋት እንደምትችሉ ይታወቃል። በእኔ ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋራው ሲሶ በላይ መዝጋት ድፍረት ነው። ከብቱ ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድም ክፍት ይሁን፤ የተዘጋ የውኃ መንገድ በሳምንት ውስጥ ይጣሳል።

የሚዘጋው ሲሶ የቱ ይሁን ካላችሁ፣ ጉቶ ያለበትን ምረጡ። ወይራ፣ ክትክታ፣ ደደሆ ወይም ግራር ከሥሩ እያቆጠቆጠ ፍየል የሚግጠው ከሆነ ያ ቦታ ችግኝ ሳይተከልበትም ያገግማል። ከሥሩ ምንጭ ያለበት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሰው የሚያምነው በምንጩ ነው።

ደንቡን ለቅሬው ስጡት

ኮሚቴ በየጊዜው ይቋቋማል፣ በየጊዜውም ይፈርሳል። ሰው ለቀብርና ለሐዘን የሚረዳዳበት ቅሬ ግን ሞት እስካለ ድረስ አይፈርስም። የክለላውን ደንብ ከቅሬው ደንብ ጋር ካያያዛችሁት፣ ቅጣት አልከፍልም ያለ ሰው የሚጋፈጠው ጎረቤቱን ሁሉ ነው። ይዘቱ አጭር ይሁን፦ ወሰኑ የት እንደሆነ፣ መጀመሪያ የገባ ከብት ባለቤት እንደሚመከር፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ስንት እንደሚከፍል፣ ጠባቂው ምን እንደሚያገኝ። ቅጣቱን ከፍ አድርጎ መጀመር አይጠቅምም፤ ማንም ጎረቤቱን ሊያስከፍለው አይጨክንምና ደንቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሊቀመንበሩ ፍየል ስትገባ የሆነውን ግን ሁሉም ያየዋል።

ደንቡ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነበብ። ቡና ተፈልቶ፣ ሸኾቹና የአገር ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ቢጸድቅ ክብደቱ ሌላ ነው። ከዚያ ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ውሰዱት፤ የወል መሬቱ የይዞታ ደብተር እንዲወጣለትም ጠይቁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን ከግል፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጎን ለጎን እውቅና ሰጥቶታል፤ ማመልከቻችሁ ላይ ጥቀሱት።

በበጋ ከቆላ የሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮች ደንባችሁን ሊያውቁ አይችሉም። ከብቱ ጨፋ ሳይደርስ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተገናኝተው የትኛው ቦታ እንደተዘጋ፣ የትኛው ለእንግዳ እንደተተወ ይስማሙ።

ውኃውን እዚያው ማቆም

ይህ የጥርና የየካቲት ሥራ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ቢመጣ ጉድጓዱ ይቀበለዋል፣ ቢቀርም ለክረምቱ ይደርሳል። የሚቆፈረው ጉድጓድ ልኩን ካልጠበቀ ውኃውን አንድ ጫፍ ላይ አጠራቅሞ ይበጥሰዋልና ልኬቱ ላይ አትቸኩሉ።

መለኪያው እንዲህ ይሠራል፦ ሁለት ሜትር ገደማ ያላቸው ሁለት እኩል እንጨቶች በአንድ ጫፍ ታስረው በሌላው ጫፍ ይከፈቱ፤ መሐላቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ይታሰር። ከላይኛው እስር ድንጋይ ያንጠለጠለ ሲባጎ ይውረድ። ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አቁማችሁ፣ ቦታቸውን ምልክት አድርጉና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን ቦታ በቢላ ጫሩት። አሁን እግሮቹን አቀያይሩ፤ ግራው በቀኙ ምልክት፣ ቀኙ በግራው ላይ ይቁም። ሲባጎው ሌላ ቦታ ያርፋል፤ እሱንም ጫሩ። የሁለቱ ጭረት እኩሌታ ትክክለኛው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ጋራው ላይ እግሩን እያዞራችሁ ስትሄዱ ሲባጎው እኩሌታው ላይ ባረፈ ቁጥር ሁለቱ እግሮች በአንድ ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ችካል ምቱ።

በችካሉ መስመር ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ቆፍሩ። አፈሩ በቁልቁለቱ በኩል ይከመር። መሐል ላይ ያልተቆፈረ ድልድይ ተዉ፤ ችግኝ ካለ የሚተከለው እዚያ ነው። የታችኛው ረድፍ ጉድጓድ በላይኛው ክፍተት ትይዩ ይግባ። ቁጥቋጦ ካጋጠማችሁ ዙሩት፤ ለጉድጓድ ቁጥር ሲባል የበቀለ ወይራ ሲነቀል ከማየት የሚያናድድ ነገር የለም።

ችግኝ ምንም በማያቆጠቁጥበት ገላጣ ላይ ብቻ ይተከል፤ ወይራና ግራር ለወገቡ፣ ዋንዛ ለሸለቆው። ባሕር ዛፍ ከምንጩ ይራቅ።

ሁለት መጤዎች

ከብት የለቀቀውን ባዶ መሬት መጀመሪያ የሚይዘው ፓርቴኒየም፣ ማለትም ቅንጨ አረም፣ ሊሆን ይችላል። ነጭ አበባው ከመውጣቱ በፊት፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ ንቀሉት። ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያስነጥስ እጅና አፍንጫ ይሸፈን፤ ልጆች አይሰማሩበት። ካበበ በኋላ የተነቀለው ሜዳ ላይ ከተጣለ ዘሩን ስለሚበትን ተከምሮ ይቃጠል።

ከአፋር ሜዳ ወደ ላይ የሚገፋው ፕሮሶፒስ የሚጓዘው በከብት ሆድ ነው። እንስሳት ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ፣ ዘሩ ከፋንድያ ጋር ይወድቃል፣ ይበቅላል። ፕሮሶፒስ ካለበት የመጣ ከብት ጥቂት ቀን በረት ውስጥ ይቆይ፤ እዚያ የበቀለውም በለጋነቱ ይነቀል። ያደገውን ከመሬት በላይ መቁረጥ ማባዛት ነው፤ ከሥሩ አንገት በታች ቆፍሮ ማውጣት ያስፈልጋል።

የአጨዳው ቀን

ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ፣ አንድ ቀን ይቆረጥ። መሬቱ በገመድ ይሸንሸንና ዕጣ ይውጣ፤ የሴት እማወራዎችና የመሬት አልባ ወጣቶች ድርሻ ከዕጣው በፊት ይለይ። ከብት የሌለው ድርሻውን ይሽጥ። በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወጣል እንጂ ከብት አይገባም፤ «ለአንድ ቀን ብቻ» የሚል ልመና በየዓመቱ ይመጣል። አበባ ሲበዛ ወጣቶቹ ቀፎ ይስቀሉ፤ ንብ ራሷ ጥሩ ዘበኛ ናት።

አንድ ጣጣ ግን ሳይነገር አይታለፍ። ቁጥቋጦው ሲጠና ዝንጀሮና ጃርት ይመለሳሉ፣ ማሽላና በቆሎ ይበላሉ። ጉዳቱ የሚያርፈው ጋራው ሥር የሚያርሱት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የጥበቃ ተራው ለመላው ቅሬ ይከፋፈል፤ ለእነሱም ከሣሩ ተጨማሪ ድርሻ በደንቡ ውስጥ ይጻፍላቸው። ከሣር ሽያጭና ከቅጣት የገባው ገንዘብ በየዓመቱ ከአጨዳው ማግሥት ለቅሬው ይነበብ፤ ቀጣዩ ሲሶ ይዘጋ አይዘጋ የሚለውም በዚያው ቀን ይወሰን።