ያዘነበለ ካሜራ ምስክር ይፈልጋል

ኬንቲሽ ታውን ውስጥ ለምረቃ፣ ለልደት ወይም ለሠርግ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ጥሩ ዳራ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ኬሊ ስትሪት አለ፤ በየቀለሙ የተቀቡ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ መንገዱም በስሱ እየታጠፈ ይሄዳል። ወደ ሰሜን ጥቂት ከተራመዳችሁ ደግሞ 98 ሜትር ከፍታ ያለው ፓርላመንት ሂል ላይ ትወጣላችሁ፤ ለንደን ከሥራችሁ ተዘርግታ ትታያለች። ሁለቱም ቦታዎች ለሐበሻ ደንበኞች የተመቹ ናቸው። ካሜራ ማዘንበልን በተመለከተ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ወጣት ባለሙያዎቻችን ሁለቱም ላይ እኩል ሲያጋድሉ ሳይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ይህ ዘዴ ፎቶው ላይ ነፍስ የሚዘራው በቦታው ሲውል ብቻ ነው።

ማዘንበል የሚታወቀው ተመልካቹ ቀጥ ማለቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ፍሬሙ ውስጥ ሲኖር ብቻ ነው። የበር መቃን፣ የመስኮት ጠርዝ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ጣሪያ ላይ የቆመ የጭስ ማውጫ፤ እነዚህ ምስክሮች ናቸው። ፓርላመንት ሂል በሚገኝበት በሃምፕስቴድ ሄዝ መናፈሻ ውስጥ ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ከኋላ አድርጋችሁ፣ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ዳራውን አደብዝዛችሁ፣ ካሜራውን 15 ዲግሪ ብታጋድሉ ምስክር የለም። ተመልካቹ የሚያየው ሊወድቅ የደረሰ ሰው ነው። ኬሊ ስትሪት ላይ በ35 ሚሊሜትር ያንኑ 15 ዲግሪ ብታነሱ ግን በሮቹና መስኮቶቹ አብረው ስለሚያዘነብሉ፣ እንቅስቃሴው የመላው ፎቶ ይሆናል፤ ሰውየውም በቤቶቹ መካከል እየተራመደ የመጣ ይመስላል።

ፓርላመንት ሂል ላይ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ካሜራውን ቀጥ አድርጉ። ኮረብታው ራሱ ቁልቁለት ነው፤ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም መሬቱ ከእግሩ ሥር ያዘነብላል፣ የምትፈልጉት ሰያፍ መስመር ያለ ድካም ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ ካሜራውንም ካዘነበላችሁት ከተማዋ ከነሕንፃዎቿ ወደ አንድ ጥግ ትንሸራተታለች፤ ዓይንም ፊቱን ትቶ እሷን ይከተላል።

መጠኑን በተመለከተ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ማጋደል ቸልተኝነት ይመስላል። ወይ ውኃ ልኩን አስተካክሉ፣ ወይ ቁርጥ አድርጋችሁ አዘንብሉ። ለቁም ፎቶ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል እላለሁ። አቅጣጫውንም አስቡበት፦ ካሜራውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ሰውየው ፎቶው ላይ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወደሚመለከትበት አቅጣጫ ካዘነበለ ወደፊት የሚገሠግሥ ይመስላል፤ ለተመራቂ ይህ ይስማማል። ወደ ኋላው ካዘነበለ ዘና ያለ፣ አንዳንዴም የሸሸ ይመስላል።

የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስታነሱ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ያምራል። ከአንገት እስከ ጫፍ የሚወርደው ጥለት ቀጥ ባለ ፍሬም ፎቶውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሲያዘነብል ግን ያ መስመር ወደ ጥጎቹ አቅጣጫ በሰያፍ ይዘረጋል። የፍሬሙ ሰያፍ ከቁመቱ ስለሚረዝምም ቀሚሱ ሙሉ ርዝመቱን ያገኛል። የነጠላው ጫፍ ላይ ግን ዓይናችሁ ይኑር። የተንጠለጠለ ጨርቅ መሬት ስለምትስበው እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ እሱም ምስክር ነው። ነፋስ ሲያነሳው ምስክርነቱ ይጠፋል፣ የቀረው ሸክም በበሮቹ ላይ ይወድቃል።

ዘዴው ከየት እንደመጣ ማወቅ ለምን እንደምንጠቀምበት ለመወሰን ይረዳል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1934 ላይካ ካሜራ የያዘች ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲያነሳ፣ ወንበሩም የጥላው መረብም በሰያፍ ፍሬሙን አቋርጠውታል፤ እዚያ ማዘንበሉ ጉልበትና ወጣትነት ነው። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ካሮል ሪድ በ1949 በሠራው «ዘ ሰርድ ማን» ግን ከጦርነት ማግስት የነበረችውን ቪየና ደጋግሞ አጋድሎ ያሳየው፣ ማንም ማንን የማያምንበትን ከተማ ስሜት ለመስጠት ነው። አንዱ መሣሪያ ደስታንም ጥርጣሬንም ይናገራልና ፊቱ ላይ ያለው ስሜት ይወስናል። ፈገግታ ከሌለበት ፊት ጋር ያዘነበለ ፍሬም ጭንቀት ያወራል።

እናቶቻችንን ስታነሱ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሀገር ቤት የሚላክ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ቀጥ ማለት አለበት፤ «ምነው ልጄ፣ ምን አድርጌህ አጋደልከኝ?» ብለው ቢጠይቁ እውነታቸውን ነው። አስቀድማችሁ «እማማ፣ አንዱን ቀጥ አድርጌ፣ አንዱን ደግሞ ለልጆቹ ዘመም አድርጌ ላንሳዎት» በሏቸው። የቤተሰብ የጋራ ፎቶ ላይ ግን በፍጹም አታዘንብሉ፤ ዳር የቆመው ሰው ከፍ፣ ሌላኛው ዝቅ ብሎ፣ ያልነበረ ማዕረግ ይፈጠራል።

«ቀጥ አድርጌ አንስቼ በኮምፒውተር አዞረዋለሁ» የሚል ብዙ ነው። የ3 በ2 ፎቶ 15 ዲግሪ ዞሮ በዚያው ቅርጽ ሲቆረጥ ከስፋቱ 45 በመቶ ገደማ ይጠፋል፤ 24 ሜጋፒክስል የነበረው ወደ 13 ይወርዳል። እግርና የነጠላ ጫፍም አብረው ይቆረጣሉ። እዚያው ቦታው ላይ አዘንብሉ፣ ዙሪያውንም ጥቂት ትርፍ ተዉለት።

ሄዝን የሚያስተዳድረው የሲቲ ኦፍ ለንደን ኮርፖሬሽን ነው፤ ለክፍያ የምትሠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ኬሊ ስትሪት ደግሞ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ደጃፍ አትዝጉ፣ ደረጃ ላይ ሰው አታስቀምጡ።

ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ 10 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የቤተሰቡንና የእናትን ቀጥ ያለ ፎቶ ሄዝ ላይ በቀን ብርሃን ጨርሱ፤ ዘመም የሚለውን ለመጨረሻ አቆዩት። ወደ ኬሊ ስትሪት ስትወርዱ የመንገዱ መብራቶች መብራት ይጀምራሉ፣ ምሰሶዎቹም ከቀን ይልቅ ጎልተው ይታያሉ።