በኤጀንሲ የተቀጠረ ጥበቃ ደመወዙ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ በጥበቃነት እሠራለሁ፤ የሚከፍለኝ ግን ኤጀንሲ ነው። ባንኩ ራሱ ከቀጠራቸው ጥበቃዎች ያነሰ የማገኘው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሥራዎ ስላነሰ አይደለም። ባንኩ በአንድ ጥበቃ ሒሳብ ለኤጀንሲው ይከፍላል፤ ኤጀንሲው ወጪውንና ትርፉን አንሥቶ ቀሪውን ለእርስዎ ይሰጣል። ጨረታውን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ስለሆነ ጫናው ደመወዝ ላይ ያርፋል። ከደመወዙም በላይ የሚያንገበግበው ቦነሱ፣ የደረጃ እድገቱና የሠራተኛ ብድሩ መቅረቱ ነው። ባንኩ ሲያተርፍ ገንዘብ ከፋዩ ይካፈላል፤ በሩ ላይ የሚያድረው ግን አይካፈልም።

ሌላም አገር እንዲሁ ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ አሪንድራጂት ዱቤና ኢታን ካፕላን በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በአሜሪካ በተቋራጭ በኩል የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ከ4 እስከ 7፣ ጥበቃዎች ደግሞ ከ8 እስከ 24 በመቶ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። ተፈላጊ የሶፍትዌር ባለሙያ ግን በኮንትራት ሲሠራ ዋጋውን ራሱ ይደራደራል፤ በእሱና በጥበቃው መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድን ቢጠቅስም የደመወዝ ወለሉን ራሱ አልወሰነም። ወለሉ እስኪወሰን የውልዎን ቅጂ ይያዙ። ለጡረታ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ ኤጀንሲው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባቱንም ያጣሩ።