ዐቢይ ቀመር ስለ ምን 532 ሆነ

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ታላቁ የዓመታት ቍጥር 532 ነው፤ ስሙም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ብዙ ተማሪ ይህን በቃሉ ይዞታል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት ግን ዝም ይላል። መምህር ሆይ፥ እንዲህ አድርገህ አስረዳው።

ወንጌላውያን በ4፥ የሳምንቱ ዕለታት በ7፥ አበቅቴና መጥቅዕ በ19 ይዞራሉ። እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ከ1 በቀር ሁለቱን እንኳ አስተካክሎ የሚከፍል ቍጥር የለም። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት እርስ በርሳቸው ሲባዙ በሚገኘው ዓመት ነው፤ 4 በ7 28፥ 28 በ19 532 ይሆናል።

ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑበትን 1882 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7382 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1845 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7382ና 1845 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው። ከዚያ ቢቈጥሩ የዘውዱ በዓል ጥቅምት 25 እሑድ ሆኖ ይገኛል። 7382 ለ19 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 9 ነው። 9 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 21 ይሆናል። መስከረም 21 ሰኞ ነውና ተውሳኩ 6፥ መባጃ ሐመሩ 27 ነው፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 27፥ ፋሲካ ሚያዝያ 6 ዋለ።

ከ76 ዓመት በኋላ፥ በ1958 ዓ.ም.፥ ዘመኑ ደግሞ ማርቆስ፥ መጥቅዑም 21 ሆነ። ነገር ግን 76 ለ7 ተካፍሎ አያልቅምና ዕለቱ ተለወጠ፤ መስከረም 21 ዓርብ ሆነ። የዓርብ ተውሳክ 2 ስለ ሆነ መባጃ ሐመሩ 23፥ ነነዌ ጥር 23፥ ፋሲካም ሚያዝያ 2 ሆነ። በማዕከላዊ ቀመር፥ ማለት በ76 ብቻ የተመራ ሰው ሚያዝያ 6 ብሎ ትንሣኤን በሐሙስ ባዋለ፥ ሕዝቡንም በጾምና በፍስክ ባሳተ ነበር።

ወንጌላዊው፥ ዕለቱና መጥቅዑ እንደ 1882 አንድ ሆነው የሚገናኙት በ2414 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ተማሪዎች የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ ያውጡ፤ ሚያዝያ 4 ካገኙ መንገዱን ይዘዋል። ቀጥሎም የ532 እኩሌታ 266 ስለ ምን እንደማይበቃ ይመልሱ።