ያልታተመው ፎቶግራፍ

ፊልም አይቶ አስተያየት መስጠት ቀላል ነው። የሰጡትን አስተያየት መልሶ መመርመር ግን ከተማሪ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ባለፈው ሰሞን እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ በመኝታ ቤታችን ውስጥ፣ በአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ዙሪያ ተሰብስበን «የእግዚአብሔር ከተማ» የተባለውን የብራዚል ፊልም ተመለከትን። ፊልሙ ሲያልቅ የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። አንዱ «ይህ ፊልም ድሀን ይሰድባል» አለ። ሌላው «ያሳየው እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ ስድብ አይደለም» ሲል መለሰ። ሦስተኛው «ይህን ያየ ልጅ ሽጉጥ መያዝ ያምረዋል» ብሎ ሠጋ። ሦስቱንም በየተራ እንመርምራቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ ጥቂት እንበል። ዳይሬክተሮቹ ፈርናንዶ ሜሬሌስና ካቲያ ሉንድ ሲሆኑ የወጣው በ2002 ነው። የተመሠረተው ፓውሎ ሊንስ በ1997 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ነው። «የእግዚአብሔር ከተማ» የእውነተኛ ሰፈር ስም ነው፤ ይኸውም በ1960ዎቹ ከሪዮ ደ ጃኔሮ የድሀ ሰፈሮች የተነሡ ሰዎች ከመካከል ከተማው ርቀው የሰፈሩበት ቦታ ነው። ከተዋናዮቹ አብዛኞቹ ከእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ተመርጠው የሠለጠኑ ልጆች ናቸው። ብራዚል ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው በሲኒማ ቤት አይቶታል፤ በ2004ም ለአራት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ነበር።

አንደኛው አስተያየት፣ ድሀን ይሰድባል የሚለው፣ በብራዚልም ተነሥቷል። የዚያው ሰፈር ልጅ የሆነው ዘፋኙ ኤም ቪ ቢል፣ ፊልሙ ለነዋሪዎቹ ያተረፈላቸው ተጨማሪ መጥፎ ስም ነው ብሎ በ2003 በአደባባይ ነቀፈው። ነገር ግን መጽሐፉን የጻፈው ፓውሎ ሊንስም ያደገው በዚያው ሰፈር ነው። እንግዲህ የአንድ ሰፈር ልጆች አንዱ ጻፈው፣ ሌላው ወቀሰው። ከዚህ የምንማረው ስለ ድሀ የሚናገር አንድ ድምፅ ብቻ እንደሌለ ነው። «ድሀው ተሰደበ» ከማለታችን በፊት የትኛው ድሀ እንደተናገረ መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛው፣ እውነት ነው የሚለው፣ ትክክል ቢሆንም በቂ አይደለም። በ1965 ግላውበር ሮሻ የተባለው የብራዚል የፊልም ሰው «የረኃብ ሥነ ውበት» በተሰኘ ጽሑፉ፣ ረኃብን የሚያሳይ ፊልም ተመልካቹን ሊያስጨንቀው እንጂ ሊያዝናናው አይገባም ሲል ተከራክሮ ነበር። ኢቫና ቤንቴስ የተባለችው ሐያሲም ይህን መሠረት አድርጋ የኋለኛዎቹን ፊልሞች «የረኃብ መኳኳያ» ስትል ተቸቻቸው። እኛም ራሳችንን መረመርን፤ በግድያው መካከል ከሙዚቃው ጋራ እግራችን ሲወዛወዝ አግኝተነዋልና ወቀሳው አልዘለለንም።

ሦስተኛው ሥጋት የወላጅ ሥጋት ስለሆነ ልናቃልለው አይገባም። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ወንጀልን የተማሩት ከሲኒማ ሳይሆን ከታላላቆቻቸው ነው። የዕፅ ንግዱ እንደ መሥሪያ ቤት የማዕረግ መሰላል አለው፤ ልጁ በመላላክ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ዘብ ይሆናል፣ ከዚያም ሻጭ ይሆናል። ሽጉጡ የሚመጣው ደመወዝ፣ ስምና አለቃ ከሰጡት በኋላ ነው። ሌላ ማንም ያልሰጠውን ማዕረግ ወንበዴው ሰጠው ማለት ነው።

ከሦስቱም አስተያየት ያመለጠው ነገር ግን በመጨረሻው ላይ ይገኛል። ታሪኩን የሚተርከው ቡስካፔ ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን የሚመኝ የሰፈሩ ልጅ ነው። በዚያች ቀን ሁለት ፎቶግራፎች ያነሣል። በአንደኛው ፖሊሶች ከወንበዴው ከዜ ፔኬኖ ገንዘብ ሲቀበሉ ይታያሉ፤ በሁለተኛው የዜ ፔኬኖ ሬሳ ይታያል። ለጋዜጣው የሰጠው የሬሳውን ነው። የፖሊሶቹን ፎቶግራፍ ቢሰጥ ነፍሱ አደጋ ላይ ትወድቅ ነበርና አስቀረው። ሕዝቡ የወንጀለኛውን መጨረሻ አየ፤ ወንጀሉን ያቆመውን ምሰሶ ግን አላየም። የእኛም ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት የዞረው በታተመው ፎቶግራፍ ዙሪያ ነበር።

ይህ የብራዚል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2019 የወጣውና ኢትዮጵያ ለኦስካር ያቀረበችው «ራኒንግ አጌይንስት ዘ ዊንድ» (ነፋስን ተቃውሞ መሮጥ ማለት ነው) በጀርመናዊው ያን ፊሊፕ ቫይል የተዘጋጀ የአማርኛ ፊልም ነው። ከአንድ መንደር የወጡ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዱ ሯጭ፣ ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ መሆን ይመኛሉ። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙ ኑሯቸው ተራርቋል። በአገራችን ለሯጭ አሠልጣኝ፣ ክለብና ውድድር አለው፤ ካሜራ ለሚመኝ የገጠር ልጅ ግን እንዲህ ያለ የተጠረገ መንገድ የት አለ?

ወደ ጎጃም እንመለስ። በልጅነት ከቤት ወጥቶ ለምኖ መብላት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋራ እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ኖሯል። ረኃቡና በሽታው ቀላል አልነበረም፤ ልናሞካሸው አንፈልግም። ነገር ግን የኔታ ነበሩት፣ ጓደኞች ነበሩት፣ ዳዊት ደገመ ቅኔ ቈጠረ የሚባልበት ማዕረግ ነበረው፤ ሕዝቡም «ተማሪ» ብሎ ይጠራው ነበር። ዛሬ ከመናኸሪያው አጠገብ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ዕድሜው ያው ነው፣ ረኃቡም ያው ነው። የኔታው ግን ማን ነው? እኛስ ምን ብለን እንጠራዋለን? «ዱርዬ» የምንለው ከሆነ በዚያ ስም የሚቀበለው ቡድን አያጣም።

ስለዚህ ድህነት ብቻውን ወንበዴ አይወልድም የሚል እምነት አለን። ድህነት ላይ የሚይዝ እጅና የሚያከብር ስም ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚከፋው። ፊልሙን የሚነቅፍም የሚያደንቅም ጓደኛችን ጫማውን ሲያስጠርግ ከልጁ ጋራ ስንት ቃል እንደሚነጋገር ይቍጠር።

ለውይይት እንዲሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን፦

1ኛ/ ያየነው ፊልም የልጁን ጥፋት ብቻ ነው ያሳየው፣ ወይስ ከጥፋቱ የሚጠቀመውንም ጭምር?

2ኛ/ ካሜራውን የያዘው ማን ነው? የሚታየው ልጅስ ራሱ ይዞት ቢሆን ምን ያነሣ ነበር?

3ኛ/ በደብረ ማርቆስ ያልታተመው ፎቶግራፍ የትኛው ነው?

ለሦስተኛው መልስ ያለው ጓደኛችን ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።