የአድማጩ ስሜት በሥነ ልቦና ምክር

በሥነ ልቦና ምክር ላይ የተሰማራ ባለሙያ ከተገልጋዩ ስሜት ጎን ለጎን የራሱንም ስሜት መከታተል ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የባለሙያው ስሜት ከየት እንደሚመነጭ፣ በአካል ላይ ምን እንደሚያስከትልና እንዴት እንደሚገራ በአጭሩ እንመለከታለን።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ዲጋን እናስብ። በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ዘንድ ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ ልጃቸውንም በሞት ያጡ እናት መጡ እንበል። እናቲቱ ገና እንደተቀመጡ «ልጄ» ብለው ይጠሯታል። ጥሪው የፍቅርና የቅርበት ነው። ይሁን እንጂ ነርሷ በዚያች ቃል ከባለሙያነት ወደ ልጅነት ልትሻገር ትችላለች። ስለ ሟቹ መጠየቅ ትፈራለች፤ እንባቸው ሲመጣ ወሬ ትቀይራለች፤ «አይዞዎት፣ ያልፋል» ብላ ነገሩን ቶሎ ትዘጋዋለች። በዚህም የነርሷ ጭንቀት ይቀልላታል፤ የእናቲቱ ሐዘን ግን ሳይነገር ይቀራል።

ሁለት አመለካከቶች

ይህን ክሥተት ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1910 «ካውንተርትራንስፈረንስ» ሲል የሰየመው ሲሆን፣ ሐኪሙ በራሱ ውስጥ ለይቶ ሊያሸንፈው የሚገባ እንቅፋት አድርጎ ቆጥሮታል። ከ40 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950፣ ፓውላ ሃይማን የባለሙያው ስሜት ስለ ተገልጋዩ ውስጣዊ ዓለም የሚጠቁም መሣሪያ ጭምር መሆኑን አስረዳች። በምሳሌያችን የነርሷ ፍርሃት በከፊል ከራሷ ሕይወት የመጣ ሊሆን ይችላል። በከፊል ደግሞ ሌሎች ሰዎችም እናቲቱን ስለ ልጃቸው ለመጠየቅ እንዳልደፈሩ ሊጠቁማት ይችላል። ሁለቱን መለየት የሙያው ዋነኛ ክህሎት ነው።

በአካል ውስጥ የሚከናወነው

አሳዛኝ ታሪክ ስንሰማ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል የአደጋ ምልክት ያሰማል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የማቲው ሊበርማንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ስሜትን በቃል መሰየም የአሚግዳላን እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አየርን በዝግታና ረዘም አድርጎ ማስወጣትም በቬገስ ነርቭ አማካይነት የልብን ምት ያረግባል።

ስሜትን የመግራት ተግባራዊ መንገዶች

1. በውይይቱ መካከል የተሰማንን ስሜት በልብ መሰየም፦ «አሁን የያዘኝ ፍርሃት ነው»።

2. ከመናገር በፊት አንድ ረዥም ትንፋሽ ማስወጣትና «ይህን የምለው ለማን ጥቅም ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅ።

3. ዝምታን መታገሥ። ተገልጋዩ ሲያለቅስ አብሮ መቆየት ራሱ እርዳታ ነው።

4. ከልምድ ባለሙያ ጋር በመደበኛነት መመካከር። በምክክሩ የተገልጋዩ ምሥጢር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የባለሙያው ስሜት ይመረመራል።

የወለጋ ልዩ ሁኔታ

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 2018) ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ወለጋ መጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህም ዞኑ ራሱ በግጭት ተጎድቷል። በእንዲህ ያለ አካባቢ ባለሙያው በሥራ ላይ የሚያደምጠውን ታሪክ ማታ ከዘመዶቹ ሊሰማው ይችላል። ቻርልስ ፊግሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ «የርኅራኄ ድካም» ብሎ ያብራራው ሁኔታ እንዲህ ባለ ቦታ በቀላሉ ይከሠታል። ምልክቶቹም የእንቅልፍ መታወክ፣ ንዴት፣ በመጨረሻም የሰውን ሕመም ሰምቶ ምንም አለመሰማት ናቸው።

ስለዚህ ስሜትን መግራት በግለሰቡ ጥረት ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚመድቡ ተቋማት መድኃኒትና ክፍል እንደሚያዘጋጁ ሁሉ፣ ለሙያዊ ምክክር የሚሆን ሰዓትም በሥራ መርሐ ግብራቸው ውስጥ ሊያስገቡ ይገባል። የሚያደምጠው ሰው እርሱን የሚያደምጠው ካላገኘ፣ ውሎ አድሮ ማድመጡን ያቆማል።